የሌሊቱ ልቅሶና የጧቱ ሩጫ፤ ስለ ሕፃናት የእግር ሕመም

አንድ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ፥ የዕለቱን ሒሳብ አመዛዝኖ ወደ ቤቱ ይገባል። ራቱን በልቶ ገና ጋደም ከማለቱ ከልጆቹ መኝታ ቤት የልቅሶ ድምፅ ይሰማል። የሚያለቅሰው የስድስት ዓመት ወንድ ልጁ ነው። እናቲቱ መብራት ይዛ ብትገባ፥ ልጁ ሁለት እጆቹን በቅልጥሙ ላይ አድርጎ «እማዬ፥ እግሬን! እግሬን!» እያለ ይንፈራገጣል። ገልጣ ብታየው ቍስል የለም፤ እብጠት የለም፤ ትኵሳትም የለውም። ቅባት አሙቃ ባቱንና ቋንጃውን ስታሸው ልቅሶው ወደ ሲቃ፥ ሲቃውም ወደ እንቅልፍ ይለወጣል። አያቲቱ ከመኝታቸው ሳይነሡ፥ «አትደንግጪ ልጄ፥ ዐጥንቱ ሲረዝም ነው» ይላሉ። አባት ግን ሲያሰላስል ያድራል። ጧት ተነሥቶ ሊጐበኘው ቢወጣ፥ ያ ማታ ሞትሁ ሲል የነበረው ልጅ ከጎረቤት ልጆች ጋራ ኳስ ሲያባርር ያገኘዋል። በዚህን ጊዜ አባት በልቡ «ይህ ልጅ አታሎናል» ብሎ ወደ ሱቁ ይሄዳል።

በዚያች አንዲት ሌሊት በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ፍርድ ተሰጥቷል። አያቲቱ ዕድገት ነው አሉ፤ አባት ማታለል ነው አለ፤ እናቲቱ ግን ምንም ሳትፈርድ የልጇን እግር አሸች። እንዲህ ያለው ነገር በነጋዴው ቤት ብቻ ሳይሆን በሹሙም በጸሓፊውም በገበሬውም ቤት የሚደርስ ነው። በዚህ ጕዳይ ላይ ሁለት መቶ ዓመት ያህል የደከሙት ሐኪሞች የደረሱበትን የተመለከተ ሰው፥ ከሦስቱ ይልቅ ወደ እውነት የቀረበችው እናቲቱ እንደ ሆነች ያገኛል።

ይህ ሕመም በሐኪሞች ዘንድ «የዕድገት ሕመም» ተብሎ ይጠራል። የሚይዘውም ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። የሚነሣው ወደ ማታ ወይም በመጀመሪያው እንቅልፍ ላይ ሲሆን፥ የሚሰማውም በሁለቱም እግሮች፥ ማለት በጭን ፊት፥ በቅልጥም፥ በባትና በቋንጃ ነው። ከጥቂት ደቂቃ እስከ አንድ ሁለት ሰዓት ቈይቶ ይለቃል፤ ሲነጋም ምልክቱ አይገኝም። ከዚያ በኋላ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ጠፍቶ ሰንብቶ፥ የቤቱ ሰው ሁሉ ሲረሳው እንደ ገና ይመጣል። እንዲህ እየተመላለሰ አንድ ወይም ሁለት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ከቈየ በኋላ፥ መድኃኒት ቢደረግለትም ባይደረግለትም በራሱ ጊዜ ይቀራል፤ በልጁም እግር ላይ ጕዳት አይተውም።

ስሙ የመጣው ከወደ ፈረንሳይ ነው። በ1823 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ማርሴል ዱሻም የተባለ ሐኪም ስለ ዕድገት በሽታዎች ሲጽፍ ይህን ሕመም ከዚያው ውስጥ ቈጠረው። ነገሩ ለሰው ልቡና የሚስማማ ስለ ሆነ፥ ስሙ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየተተረጐመ ዓለምን ዞረ። ተርጓሚም ሆነ ሐኪም አንድን ስም ከተቀበለ በኋላ፥ ስሙ ያዘለው ነገር ምን እንደ ሆነ መመርመርን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ዳሩ ግን ሒሳቡ አይገጥምም። ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ዓመት ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ከዚያ ወዲያ ዕድገቱ እየቀዘቀዘ ሄዶ፥ ከአራት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ለአካለ መጠን ሲቃረብ ደግሞ እንደ ገና ይፈጥናል። እንግዲህ የሚያመው ዕድገት ቢሆን ኖሮ፥ ከሁሉ አብልጠው መጮኽ የሚገባቸው የጡት ሕፃንና ድምፁ መጐርነን የጀመረው ጐረምሳ ነበሩ። ሕመሙ ግን የሚበረታው ዕድገት በቀዘቀዘበት በመካከለኛው ጊዜ ነው። ሂሳብ የሚወድ ሰው 6 ሴንቲ ሜትር ለ365 ቀን ቢያካፍል፥ ለአንድ ቀን የሚደርሰው የአንድ ሚሊ ሜትር ስድስተኛ እጅ ያህል ነው፤ ይህንንም እግር ከጀርባና ከአንገት ጋራ ይካፈለዋል። ከዚህም ሌላ እግር ይበልጡን የሚረዝመው ከጕልበት በላይና በታች ባለው ለጋ የዐጥንት ጫፍ ሲሆን፥ ልጁ አመመኝ የሚለው ግን ከዚያ ርቆ በባቱና በጭኑ ሥጋ ላይ ነው።

በ1951 ዓ.ም. ኔሽና አፕሊ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሐኪሞች ነገሩን ከልማድ ወደ ደንብ ለማምጣት ሞከሩ። ሕመሙ ቢያንስ ሦስት ወር የተመላለሰ፥ ከመገጣጠሚያ ላይ ያልሆነ፥ የልጁንም እንቅልፍ ወይም ውሎ እስከ ማቋረጥ የበረታ ሲሆን ብቻ በዚህ ስም እንዲጠራ አሳሰቡ። በ1972 ዓ.ም. በዴንማርክ የተማሪ ቤት ልጆችን ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ሐኪሞች ከመቶው 15 ያህሉ እንዲህ ያለ ሕመም እንዳለባቸው አገኙ፤ ሕመሙም ልጆቹ ፈጥነው ከሚያድጉበት ጊዜ ጋራ እንደማይገጥም አስታወቁ። በ2004 ዓ.ም. በደቡብ አውስትራልያ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ስላሉ ልጆች ወላጆች ተጠይቀው የተገኘው መልስ ግን ቍጥሩን ከመቶው ወደ 37 አደረሰው። ይህ ሁሉ ልዩነት ከልጆቹ ዕድሜ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በአንድ ገበያ ውስጥ በሁለት ዓይነት ቁና እህል ሲሰፈር እንደሚሆነው፥ መለኪያውም የተለያየ ስለ ሆነ ነው። በ2022 ዓ.ም. የሲድኒ ሊቃውንት ከ140 የሚበልጡ ጽሑፎችን ሰብስበው ቢያስተያዩ አንድ የሚስማሙበት ትርጓሜ አጡ፤ ይልቁንም ከመቶው ከ90 የሚበልጡት ጽሑፎች ሕመሙን ሲተረጕሙ ስለ ዕድገት ምንም አላነሡም። ስሙ ሁለት መቶ ዓመት ጸንቶ ሲኖር፥ ነገሩ ግን ከውስጡ ወጥቶ ሄዷል ማለት ነው።

ይህም ሆኖ ክርክሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ አንድ ምርመራ በግልገሎች እግር ላይ የተደረገ ነበር። መርማሪዎቹ በዐጥንቱ ላይ ትንሽ መለኪያ አኑረው ሌት ከቀን ቢከታተሉ፥ ዐጥንቱ ከሚረዝመው ከመቶው 90 ያህሉ እጅ የሚሆነው ግልገሉ ተኝቶ ባረፈበት ሰዓት እንደ ሆነ አገኙ። በጎች ያረባ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረም ይሆናል። ሕመሙ በሌሊት የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ይሆንን? ብለው ጠየቁ እንጂ ነው ብለው አልፈረዱም፤ ግልገል እግሬን አመመኝ ብሎ አይናገርምና።

ብዙዎች ሐኪሞች ይልቁንም የሚያዘነብሉት ወደ ድካም ነው። ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ፥ ሲዘልና ከግንብ ላይ ሲወርድ ይውላል፤ እንደ ትልቅ ሰው መጠኑን ዐውቆ አያርፍም። ወላጆችም ብዙ ጊዜ እንደሚመሰክሩት ሕመሙ የሚብሰው ብዙ የተሮጠበት ቀን ሲመሽ ነው። ሁለተኛው ነገር የዘር ጕዳይ ነው፤ እናት ወይም አባት በልጅነታቸው እንዲህ ያማቸው እንደ ነበር ቢጠየቁ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሦስተኛውም በ2004 ዓ.ም. በእስራኤል አገር የተደረገው ምርመራ ያስረዳው ነው፤ ይህ ሕመም ያለባቸው ልጆች ሰውነታቸው ሲጫኑት ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ ቶሎ የሚያማቸው ሆነው ተገኝተዋል። እንደዚህ ያለው ልጅ ሌላው የማይሰማውን ድካም አጕልቶ ይሰማዋል። በሌሊት ደግሞ ጨዋታና ጫጫታ ሲቀር፥ ሕመሙን የሚያስረሳው ነገር አይኖርም።

እንግዲህ አባት ጧት በልቡ የሰጠው ፍርድ ከሦስቱ ሁሉ የከፋው ነው። ልጁ ጧት መሮጡ ማታ እንደ ዋሸ አያስረዳም፤ ይህ ሕመም ጠባዩ እንዲሁ ነው። በእውነት ያመመውን ልጅ አታላይ ማለት፥ ሌላ ቀን የባሰ ሲያመው ዝም እንዲል ማስተማር ነው።

የአያቲቱ ፍርድ ደግሞ በአብዛኛው ለክፉ የማይሰጥ ቢሆንም አንድ አደጋ አለበት። «ዐጥንቱ ሲረዝም ነው» የሚለው ቃል ሁሉን የሚሸፍን ነጠላ ነው፤ ከነጠላው በታች ያለውን ሳይገልጡ ካለበሱት፥ ሌላ በሽታ ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ስሙ መሰጠት ያለበት በሌሊት ሳይሆን በጧት፥ ያውም ልጁን አስነሥቶ፥ ልብሱን አስወልቆ፥ አስኪዶ ከተመለከቱት በኋላ ነው።

ጧት ልጁ ቢያነክስ፥ ወይም ለመቆም እንቢ ቢል፥ ወይም ጕልበቱና ቍርጭምጭሚቱ ቢያብጥና ቢግል፥ ነገሩ የዕድገት ሕመም አይደለም። ሕመሙ ሁልጊዜ በአንድ እግር፥ ያውም በአንድ ቦታ ብቻ ቢሆን እንዲሁ ነው። ትኵሳት ቢኖረው፥ ቢከሳ፥ ፊቱ ቢገረጣ፥ ያለ ምክንያት ቢበልዝ፥ አንድ ቀን ሳያሳድሩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል፤ እነዚህ ምልክቶች በዐጥንት ውስጥ መግል ሲይዝ ወይም የደም ካንሰር ሲጀምር የሚታዩ ናቸውና። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል መለያም አለ። የዕድገት ሕመም ያለበት ልጅ እሹኝ፥ ጨምቁኝ ይላል፤ መገጣጠሚያው ወይም ዐጥንቱ የታመመ ልጅ ግን እጅ ሲቀርበው ይጮኻል፤ አንሶላም እንኳ ሲነካው አይወድም። እናቲቱ በዚያች ሌሊት ሳታውቀው ይህን ምርመራ አድርጋለች።

በዚህ አገር ላለ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ሐኪሞች የቍርጥማት ትኵሳት የሚሉት በሽታ ነው። ይህ በሽታ የሚይዘው ይበልጡን ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያሉትን ስለ ሆነ ከዕድገት ሕመም ጋራ ዕድሜው ይገጣጠማል። መነሻው የጕሮሮ ሕመም ነው። ልጁ ጕሮሮውን ታሞ ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኵሳት ይመለስበታል፤ ጕልበቱ ያብጣል፤ ጕልበቱ ሲሻለው ቍርጭምጭሚቱ፥ እርሱም ሲሻለው ክርኑ ወይም የእጁ አንጓ ይቀጥላል። በመጨረሻ የመገጣጠሚያው ሕመም ምንም ምልክት ሳይተው ይጠፋል፤ ቤተ ሰቡም ዳነልን ብሎ ደስ ይለዋል። ከእግር የለቀቀው ነገር ግን በልብ ውስጥ ያሉትን የደም መዝጊያዎች ሊያበላሽ ይችላል፤ ጕዳቱም ከዓመታት በኋላ፥ ልጁ ጐልምሶ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው፥ ወይም ልጅቱ አግብታ ስትፀንስ ይገለጣል። በኢትዮጵያ በወጣትነታቸው የልብ ሕመምተኞች ከሆኑት ብዙዎቹ መነሻቸው ይኸው ነው። በ2018 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ መንግሥታት ይህን በሽታ እንዲከላከሉ ውሳኔ ማስተላለፉ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያሳያል።

የሚያሳዝነው፥ መከላከያው ከዋጋው ማነስ የተነሣ እንደ ተራ ነገር የሚታይ መሆኑ ነው። ጕሮሮውን የታመመ ልጅ በሐኪም ታይቶ ፔኒሲሊን በጊዜው ቢሰጠው በሽታው ወደ ልብ ሳይደርስ ይቀራል። አንድ ጊዜ የቍርጥማት ትኵሳት የያዘው ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት ቢወጋ ልቡ ዳግመኛ ከመጐዳት ይጠበቃል። በብዙ ቦታ ግን ጕሮሮ ሲታመም ልጁ የሚወሰደው እንጥል ወደሚቈርጥ ሰው ዘንድ ነው። እንጥል መቍረጥ የጕሮሮውን ተባይ አያጠፋውም፤ ይልቁንም ደም ያፈስሳል፤ ባልነጻ ምላጭም ሌላ በሽታ ያስገባል። ለምላጩ የተከፈለው ገንዘብ ለፔኒሲሊኑ በበቃ ነበር።

ሌላው የሚያታልል ነገር ዳሌ ነው። ዳሌው የታመመ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ጕልበቱን ነው፤ የሁለቱ ቦታዎች የስሜት ጅማቶች የተያያዙ ናቸውና። በ1910 ዓ.ም. ሌግ በአሜሪካ፥ ካልቬ በፈረንሳይ፥ ፔርቴስ በጀርመን፥ ሦስቱም በየፊናቸው የገለጹት የዳሌ በሽታ የሚይዘው ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ያሉትን ነው፤ ወደ ጭኑ ራስ የሚሄደው ደም ስለሚቋረጥ ዐጥንቱ ይደቅቃል። ቲቢም እንዲሁ በዳሌ ሊገባ ይችላል። ጕልበቱን አመመኝ የሚል ልጅ ጕልበቱ ደኅና ሆኖ ቢገኝ እንኳ፥ ዳሌውን አጥፎና አዙሮ ያላየ መርማሪ ሥራውን አልጨረሰም። በዚህ ላይ ልጁ ወደ ወጌሻ ተወስዶ፥ ያልተሰበረው እግር በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ቢታሰር፥ ደም ተከልክሎ እግሩ እስከ መቈረጥ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

ፀሐይ በማይጐድልበት አገር በፀሐይ እጦት የሚመጣ በሽታ መኖሩም የሚገርም ነው። ሪኬትስ የሚባለው የዐጥንት መልፈስፈስ የሚመጣው ሰውነት ፀሐይ ሲነካው የሚሠራው ቪታሚን ዲ ሲያንስ ነው። ሕፃናት ከዓይንና ከምች ይጠበቁ ተብለው በጨለማ ክፍል ተሸፍነው ሲያድጉ እግራቸው ይጐብጣል፤ ዘግይተውም ይሄዳሉ። በ1997 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ስለ ሕፃናት የወጣው ምርመራ እንዳስረዳው፥ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ከገቡት መካከል ሪኬትስ ያለባቸው ሳንባቸው ደኅና ከሆነው ሕፃናት ከዐሥር እጥፍ በላይ ነበሩ።

በእውነት ከዕድገት ጋራ የተያያዘ ሕመምም ባይጠፋ፥ በ1903 ዓ.ም. ኦስጉድና ሽላተር የገለጹት ነው። እርሱ ግን የሚይዘው ኳስ የሚወዱትን ጐረምሶች ነው፤ ከጕልበት በታች ያለውን ጕብታ ሲጫኑት ያማል፤ የሚነሣውም በሌሊት ሳይሆን በጨዋታ ላይ ነው። ዕረፍት ይበቃዋል።

ልጁ ጧት ተመርምሮ ከዚህ ሁሉ ነጻ ሆኖ ከተገኘ፥ ራጂ መነሣትም ሆነ ደም መመርመር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የእናቲቱ እጅ ነው። እግሩን በዝግታ ማሸት፥ በሞቀ ውሃ መዘፍዘፍ ወይም የሞቀ ጨርቅ ማድረግ፥ አጠገቡም ሆኖ ማጽናናት ሕመሙን ያስታግሣል። በ1988 ዓ.ም. ባክስተርና ዱልበርግ የተባሉ ሰዎች ባሳተሙት ምርመራ፥ ወላጆቻቸው ጧትና ማታ የጭናቸውንና የባታቸውን ሥጋ በልክ ሲያሳስቡላቸው የነበሩት ልጆች፥ እንዲሁ ከተተዉት ይልቅ ፈጥነው ድነዋል። የልጆቹ ቍጥር አርባ የማይሞላ ስለ ሆነ ነገሩ እንደ ሕግ የሚያዝ አይደለም፤ ነገር ግን ወጪ የለውም፤ አይጐዳምም። ሕመሙ የበረታ እንደ ሆነ በልጁ ክብደት ተመጥኖ ፓራሲታሞል ይሰጣል። ቀድሞ በየቤቱ ይሰጥ የነበረው አስፕሪን ግን ለልጆች እንዳይሰጥ ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ ሐኪሞች ከልክለዋል፤ ልጁ ጕንፋን ወይም ኩፍኝን የመሰለ በሽታ ይዞት ሳለ ቢወስደው ጕበቱንና አንጐሉን የሚጐዳ ከባድ በሽታ ሊያመጣበት ይችላልና። ሌሊት እግሩን ማሳረፍ አቅቶት የሚያንቀሳቅስ ልጅ ካለ ደግሞ፥ በደሙ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን አንሶ እንደ ሆነ ማስመርመር ይጠቅማል።

ለሐኪሙ ከሁሉ የሚረዳው ነገር በሒሳብ ሰው ቤት የማይጠፋ ነው፤ ይኸውም መዝገብ ነው። ከዚህ በላይ የተነገረለት ነጋዴ ከሱቁ አንድ ባዶ ደብተር አምጥቶ በልጁ አልጋ ራስጌ ቢያኖር፥ ልጁ ባለቀሰ ቍጥር ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ያመመው የትኛው እግር እንደ ሆነ፥ ቀን ምን ሲሠራ እንደ ዋለ፥ ጧትም እንዴት እንደ ሄደ ቢጽፍ፥ ሦስት ወር ሲሞላ ሐኪሙ ከብዙ ጥያቄ የማያገኘውን መልስ ከሁለት ገጽ ያገኘዋል። በዚያ ደብተር ላይ ሰባት ሌሊት ብቻ ተጽፎ፥ ሰባቱም ኳስ የተጫወተባቸው ቀናት ሆነው፥ ሕመሙም አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ፥ አብዛኛውን ጊዜም በሁለቱም እግሮች ሆኖ፥ በጧቱ ዓምድ ሥር ሰባት ጊዜ «ሮጠ» የሚል ቃል ቢገኝ፥ ሐኪሙ ደብተሩን ዘግቶ ለልጁ መልሶ ይሰጠዋል።